ከቦሌ እስከ ደለስ፦ አንድ ርቀት፣ ሁለት ጊዜ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቋል፤ ወይም ተጠይቋል። መልሱ ግን እንደ ተጠያቂው ነው። ከዚህ የሄደው «አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሰዓት» ይላል። ከዚያ የመጣው «አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አየር መንገዱ አንድ ነው፣ አውሮፕላኑም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በቦሌና በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ምድርም ለሂያጅ ረዝሞ ለመጪ አያጥርም። ሆኖም በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የሦስትና የአራት ሰዓት ልዩነት አለ።

ብዙ ሰው ልዩነቱን ለነፋስ ይሰጠዋል። «ምድር ስለምትዞር ነው» የሚሉም አሉ። ነፋሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የልዩነቱን ከፊል ብቻ ነው የሚያስረዳው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው፦ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ከፍታ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ርቀቱ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

ሉል ያለው ሰው ክር ይያዝ። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ ይሳበው። ክሩ የሚያርፍበት መስመር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን መስመር ታላቁ ክብ ይሉታል፤ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ምድርን ለሁለት እኩል የሚከፍል ክብ ይሆናልና። ከቦሌ እስከ ደለስ በዚህ መስመር ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። በአብራሪዎች መለኪያ፣ አንዱ 1,852 ሜትር በሆነው በባሕር ማይል ሲቆጠር፣ 6,240 ገደማ ይሆናል።

የሚገርመው ክሩ የሚያልፍባቸው አገሮች ናቸው። ዋሽንግተን በስተምዕራብ ናት ብለን እናስባለን፤ ክሩ ግን ከቦሌ ሲነሳ በሰሜንና በምዕራብ መካከል፣ እኩል በእኩል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል። ሰሜን ሱዳንን አልፎ የሊቢያን በረሃ በሰያፍ ይቆርጣል። የቱኒዚያን ደቡባዊ ጫፍ ነካ አድርጎ አልጄሪያ ይገባል፣ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል በኋላ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ከአዞሬስ ደሴቶች በስተሰሜን አልፎ 45ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አፋፍ ድረስ ይወጣና እዚያ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። የአሜሪካን ምድር የሚነካው በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ ነው፤ ከዚያ በኒው ጀርሲ በኩል ወርዶ ደለስ ወዳለበት ወደ ቨርጂኒያ ይደርሳል።

ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዓለም ካርታ ላይ ይህ መስመር ቀስት የመሰለ ጉብጥ ሆኖ ይታያል፤ ተመልካቹም «ለምን ይህን ሁሉ ይዞራሉ?» ይላል። ዞሮ የሚሄደው ግን በማስመሪያ የተሰመረው መስመር ነው። አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ያየነው ካርታ ጄራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ብሎ ያዘጋጀው ዓይነት ነው። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ አስሮ እንዲጓዝ ይረዳል፤ የቦታዎችን መጠንና ርቀት ግን ያዛባል። በዚያ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ ላይ ያልፋል፤ ርዝመቱም 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥ ያለ የመሰለን መስመር ጎብጧል ካልነው በ530 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በአየር ካለው ርቀት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የሒሳብ መስመር ነው። አውሮፕላን የሚበርረው ግን በአገሮች ሰማይ ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ባለቤት አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚወስደው አጭሩ መስመር ሰሜን ሱዳን ላይ ያልፋል ብለናል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የሊቢያ ሰማይም ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት የሸሹት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል መዞር ግድ ሆነበት። ጎረቤት አገር ሲታመም ሰማዩም አብሮ ይታመማል፤ የሕመሙን ዋጋ በዋነኛነት የሚከፍለው የሱዳን ሕዝብ ቢሆንም እያንዳንዱ ተሳፋሪም ደቂቃዎችን ይከፍላል። የከፋም አለ። የሩሲያ ሰማይ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ የፊንላንዱ ፊንኤር ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ተዘረጋበት። በሉሉ ላይ ያለው ክር አንድ ጣት አልረዘመም፤ የረዘመው መንገዱ ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ከመሬት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም የመንገደኛ ጄቶች በሚበሩበት ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉዱ ጠባብና ፈጣን የአየር ጅረቶች አሉ። በእንግሊዝኛ ጄት ስትሪም እየተባሉ ይታወቃሉ። ጃፓናዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ዋሳቡሮ ኦኢሺ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ፍጥነታቸውን ለክቶ ነበር። ውጤቱን ግን ያሳተመው ኤስፔራንቶ በተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስለነበር ከአገሩ ውጭ ያነበበው ጥቂት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጃፓን ይበርሩ የነበሩ አሜሪካውያን አብራሪዎች ነፋሱን የተዋወቁት ሞተራቸው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ አውሮፕላናቸው ወደፊት አልራመድ ሲላቸው ነው።

የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መስመር ሁለት ቦታ ላይ ከእነዚህ ጅረቶች ጋር ይገናኛል፤ አንድ ጊዜ ሰሜን አፍሪካ ላይ፣ ሁለተኛ አትላንቲክ ላይ። ሂያጁ ፊት ለፊት ይጋፈጣቸዋል፣ መጪውን ከኋላው ይገፉታል። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበርራል እንበል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው በመሬት ላይ ሲለካ 850 ይሄዳል፤ 11,560ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈልጋል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 950 ሄዶ በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ጅረቱ በሚበረታበት በፈረንጆች ክረምት ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የገባው፣ በመሬት ላይ የሚለካው ፍጥነቱም በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር ያለፈው፣ በማዕበል የበረታ ጅረት ስለገፋው ነው።

«ምድር ስለምትዞር ነው» የሚለውን ግን መተው ይሻላል። አዲስ አበባ ከምድር ጋር አብራ ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ይህ እውነት ነው። አየሩም ግን አብሯት ይጓዛል። አውሮፕላኑም ቦሌ ቆሞ ሳለ ያ ፍጥነት ነበረው፤ ሲነሳ ይዞት ይነሳል። ምድር ከሥሩ እየሮጠች ብታመልጠው ኖሮ ቦሌ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ሄሊኮፕተር ከደቂቃዎች በኋላ አትላንቲክ አቅጣጫ ርቆ በወረደ ነበር። የምድር መዞር ወደ ጨዋታው የሚገባው በተዘዋዋሪ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ የሚሄደውን አየር ወደ ምሥራቅ እየጠመዘዘ ጅረቶቹን ከሚወልዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነውና።

እንግዲህ ነፋሱ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። የቀረውስ ከየት መጣ?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ደለስ 95 ሜትር ላይ። ይህን ልዩነት በሰውነቱ የሚያውቀው ከረጅም የውጭ ኑሮ ተመልሶ በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። አውሮፕላንም በዚሁ ምክንያት ይቸገራል፣ በሁለት መንገድ። ክንፉ የሚሸከመው በሚገፋው አየር ነው፤ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለውና ግፊቱን የሚያገኘው በሚስበው አየር ነው። 17 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ቀን የቦሌ አየር በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አንድ ክብደት ያለው አውሮፕላን ከቦሌ ለመነሳት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት በመንደርደሪያው ላይ መያዝ አለበት። ያንን ፍጥነት የሚያመጣለት ሞተር ደግሞ በዚያው ሳሳ ባለ አየር ደክሟል። ከደከመ ሞተር ብዙ ፍጥነት መጠበቅ ማለት ነው፤ መንደርደሪያውም በዚያ መጠን መርዘም አለበት።

የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። የደለስ ረጅሞቹ 3,500 ገደማ ናቸው። የእኛው በ300 ሜትር ይበልጣል፤ ሆኖም ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን ከደለስ ከሚነሳው መቅለል አለበት። ገደቡ የመንደርደሪያው ርዝመት ብቻ ስላልሆነ ነው። ጎማም ገደብ አለው፤ የብዙ ትላልቅ ጄቶች ጎማ የተሠራው በሰዓት እስከ 378 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን የደኅንነት ሕጉ ነው። ማንኛውም የመንገደኛ ጄት ሲነሳ ከሞተሮቹ አንዱ በክፉው ሰዓት፣ ማለትም ማቆም በማይቻልበት ፍጥነት ላይ ሳለ ቢጠፋበት፣ በቀረው ሞተር ተነስቶ መሰናክሉን ሁሉ አልፎ መውጣት መቻል አለበት። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ግማሽ ኃይሉን አጥቶ፣ በሳሳ አየር፣ በሰሜን እንጦጦ በምሥራቅ የረር ባሉበት አገር መውጣት አለበት ማለት ነው። ይህን ማድረግ የሚችልበት ክብደት ከቦሌ ሲነሳ ሊይዘው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ መኖርም የለበትም።

ከክብደቱ የሚቀነሰው ምንድን ነው? አውሮፕላኑ ራሱ አይቀነስም። የቀሩት ተሳፋሪ፣ ጭነትና ነዳጅ ናቸው። ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ። አምራቹ የፈቀደለት ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው፤ ታንኮቹ ሲሞሉ 126,000 ሊትር፣ ወደ 100 ቶን ነዳጅ ይይዛሉ። ከመነሻው ክብደት ከሁለት አምስተኛ በላይ ነዳጅ ነው ማለት ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ ይህን ሁሉ ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ከቦሌ ግን ብዙ ቶን መተው አለበት። ተሳፋሪውን አሳፍሮ ነዳጁን ከቀነሰ ዋሽንግተን አይደርስም፤ ነዳጁን ሞልቶ ወንበሩን ባዶ ካደረገ ደግሞ በረራው ኪሳራ ይሆናል።

የሌሊቱ ብርድ ጥቂት ያግዛል። የአዲስ አበባ አየር ከ25 ዲግሪ ወደ 12 ሲወርድ በ4 በመቶ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ለክንፍም ለሞተርም ይመቻል። ረጅም በረራዎች ከቦሌ በምሽትና በሌሊት መነሳታቸው በዋናነት ከሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የሚመጡ መንገደኞችን ለማገናኘት ታስቦ የሚወጣ የሰዓት ድልድል ነው፤ ብርዱም ግን በዚያው ውለታ ይውላል።

አሁን የመመለሻውን ጉዞ እንይ። ከደለስ የሚነሳው አውሮፕላን ወፍራም አየር አለው። ታንኩን ሞልቶ፣ ወንበሩን ሞልቶ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ከነዳጁ አብዛኛውን አቃጥሎ ቀልሏል፤ ለማረፍ ደግሞ ለመነሳት የሚያስፈልገውን ያህል የሞተር ጉልበት አያስፈልግም። ስለዚህ ሳይቆም ይመጣል። ከፍታው የሚያስቸግረው ሲነሱ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሲወጣ ይከፍላል፣ ሲገባ አይከፍልም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መንገድ ላይ ዝቅ ያለ አገር ፈልጎ አርፎ ነዳጅ መቅዳት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረ ወዲህ ለዚህ በተለያየ ጊዜ ሮምንና ደብሊንን ተጠቅሟል። የምርጫው ብልህነት የሚታየው በሉሉ ላይ ነው። ከቦሌ ሮም ወደ 4,480፣ ከሮም ደለስ ወደ 7,230 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲደመር 11,710። ሳይቆም ከሚሄደው አጭር መስመር የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በደብሊን በኩል 6,365 እና 5,465፣ ድምሩ 11,830 ነው፤ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ለሚያየው አየርላንድ ድረስ መውጣት ትልቅ መዞር ይመስላል። በእውነቱ ሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ በረራ ነው። የደብሊን አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 74 ሜትር ላይ ነው፤ የሮሙ ደግሞ ከባሕሩ ጋር እኩል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ከሁለቱም አትላንቲክን ለማቋረጥ የሚበቃ ነዳጅ ያለ ችግር ይጫናል።

የቶጎዋ ሎሜ ሌላ ነገር ናት። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወደ ኒውርክ በሎሜ በኩል በርሯል። ወደ ዋሽንግተን በሎሜ ቢኬድ ድምሩ 12,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 1,190 ኪሎ ሜትር ጭማሪ ነው። ይህ ለነዳጅ ብቻ ተብሎ አይደረግም። ሎሜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው የአስካይ አየር መንገድ ማዕከል ስለሆነች የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ እዚያ ይሳፈራል። አንዳንድ ጊዜ መንገድ የሚረዝመው ገበያ ስላለበት ነው።

መቆሙ ጊዜ እንደሚበላ ግልጽ ነው። ከበረራው ከፍታ መውረድ፣ ማረፍ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ አንዳንዴም የበረራ ሠራተኞችን መቀየር፣ እንደገና ወረፋ ይዞ መነሳትና መውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በነፋሱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደመር የሦስት ሰዓት ተኩሉ ልዩነት ተገኘ ማለት ነው። ማቆሙ ግን ኪሳራ ብቻ እንዳይመስል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ገፈራ ከቤቱ ጭኖ አይነሳም ነበር፤ እንስሳው ገፈራውን ብቻ ተሸክሞ ሸቀጡ ይቀራልና። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው፤ ነዳጅን ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። በአሥራ አራተኛው ሰዓት የሚያስፈልገው ቶን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሸክም ነው። መንገድ ላይ የቀዳ አውሮፕላን በዚያ በኩል ይቆጥባል፤ ባዶ ሊቀሩ የነበሩ ወንበሮችንም ይዞ ይሄዳል።

ለአውሮፕላኑ የሚበቃ ሜዳ መፈለግም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሳው ከልደታ ሜዳ ነው፤ የጄት ዘመን ሲመጣ ያ ሜዳ አልበቃም ተብሎ ቦሌ ተሠራ። አሁን ደግሞ በቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ ላይ፣ አዲስ አየር ማረፊያ ታቅዷል። ስለ ዕቅዱ ሲወራ የሚነሳው የተርሚናሉ ስፋትና ውበት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ሌላ ነው፦ ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አቡሴራ ላይ አየሩ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ከዚህ በላይ የረዘመ መንደርደሪያ ሲጨመርበት አንድ አውሮፕላን ከቦሌ ይዞት ሊነሳ ከማይችለው ሸክም የተወሰነውን ይዞ መነሳት ይችላል። የባሕር ዳርቻን ያህል አይሆንም። ግን ለረጅም በረራ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሕንፃ በገንዘብ ይሠራል፣ አየርን ግን ማወፈር የሚቻለው ዝቅ በማለት ብቻ ነው።

የቀረን ሰዓቱ ነው፤ ተራው ተጓዥ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ነው፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በፈረንጆች ከማርች እስከ ኖቬምበር በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያንቀሳቅሱ ነው። በ7ቱ እናስላ። በትኬቱ 22:30 ላይ፣ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከቦሌ የተነሳ በረራ 16 ሰዓት ተኩል ቢጓዝ ዋሽንግተን የሚገባው በማግስቱ በትኬቱ 08:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከደለስ 11:00 ላይ፣ ማለትም ረፋድ 5 ሰዓት፣ የተነሳ 13 ሰዓት በርሮ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የትኬቱን ሁለት ሰዓቶች ብቻ የሚያቀናንስ ሰው መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት ይመስለዋል። እውነቱ ተገልብጦ ይታየዋል ማለት ነው። ረጅሙ ጉዞ አጭር፣ አጭሩም ረጅም ይሆንበታል። ስለዚህ መታየት ያለበት ትኬቱ ላይ ለብቻው የሚጻፈው የጉዞ ቆይታ ነው። እሱም ቢሆን በአየር ላይ ያለውን ጊዜ ብቻ አይቆጥርም፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት እስከ መጨረሻው መቆሚያ ድረስ ያለውን ነው፣ አየር መንገዶች ለወረፋና ለነፋስ የሚተዉት ትርፍ ደቂቃም ተጨምሮበት።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የእኩለ ሌሊቱ ነው፤ ከቦሌ በሌሊት የሚነሱ በረራዎች ብዙ ስለሆኑ ደጋግሞ ያጋጥማል። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሰኞ ከመሸ በኋላ ያለው ሌሊት ሁሉ የሰኞ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብም ቢሆን ሰኞ ነው። ትኬቱ ግን ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያው ሰዓት እሱ ዘንድ ማክሰኞ 00:15 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብሎ ያሰበ ተጓዥ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። የወሩ ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። ትኬት ላይ ሴፕቴምበር 12 የተባለው መስከረም 12 አይደለም፤ እንደ ዓመቱ መስከረም 2 ወይም 1 ነው።

ስለዚህ ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ ትኬት የሚቆርጡ ከሆነ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙ ከሆነ፣ ትኬቱን ልከው ዝም አይበሉ። የሚነሱበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ በእኛ ሰዓት፣ «እገሌ ቀን ማታ ከቤት ውጡ» ብለው በአማርኛ ጽፈው ይላኩላቸው። በረራው መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነም ከትኬቱ ሻጭ አስቀድመው ጠይቀው ይንገሯቸው፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ዕቃቸውን ማውረድ እንዳይጀምሩ፣ ነዳጅ ቀድቶ እንደሚቀጥልና እነሱም ወንበራቸው ላይ እንደሚቆዩ ይወቁ። ደለስ ሄዶ የሚቀበላቸው ሰው ደግሞ የሚጠብቀውን ሰዓት የዋሽንግተኑን ይያዝ፤ ካረፉም በኋላ ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ ተጨማሪ ጊዜ ይተው።